«ልመልሰው ነበር» ካልኩ እንዴት ስርቆት ይሆናል?

ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃ የጻፈችው እህት ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ለንደን ውስጥ የአንድ ሐበሻ ሱቅ ትሠራለች። ቤት ኪራይ ጎድሎባት ከገንዘብ መሳቢያው 120 ፓውንድ አነሳች፤ አርብ ደመወዝ ሲገባ ልትመልስ። ባለሱቁ ሐሙስ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ደረሰበት። አሁን ፖሊስ መጥተሽ ቃልሽን ስጪ ብሏታል።

እህቴ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት እየዞርኩ ሳስተረጉም 11 ዓመቴ ነው። የሰው ጉዳይ አላወራም፣ ምስጢር ነው። «ልመልሰው ነበር» የሚለውን ቃል ግን ስንቴ እንደተረጎምኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

እዚህ እንግሊዝ ስርቆት የሚዳኘው በ1968ቱ የስርቆት ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። አምስት ነገር ይፈልጋል። ንብረት መሆን አለበት። የሌላ ሰው መሆን አለበት። እንደ ባለቤት ሆነሽ ልትይዢው ይገባል። ይህን ያደረግሽው ሐቀኝነት በጎደለው መንገድ መሆን አለበት። በመጨረሻም ባለቤቱን ለዘለቄታው ልታሳጪው ማሰብሽ መረጋገጥ አለበት። አንዱ ከጎደለ ስርቆት የለም፤ አምስቱንም የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንቺ ጋ አያከራክሩም፤ እንለፋቸው።

«ልመልሰው ነበር» የሚል ሰው ሁሉ የሚንጠለጠለው አምስተኛው ላይ ነው። የሚወድቀውም እዚያው። ብስክሌት ወስደሽ ብትመልሺ የምትመልሺው ያንኑ ብስክሌት ነው። የወሰድሽው 6 ባለ 20 ፓውንድ ኖት ግን አከራይሽ እጅ ገብቷል። አርብ የምታመጪው ሌላ ኖት ነው፤ የፊተኞቹን ባለሱቁ ዳግም አያያቸውም። በ1989 የተወሰነ ቬሉሚል የሚባል መዝገብ አለ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ከድርጅቱ ካዝና 1,050 ፓውንድ ወስዶ «ጓደኛዬ ዕዳውን ሲከፍለኝ እመልሰው ነበር» ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው አልተቀበለውም። መጀመሪያ ስሰማው ቧልት መስሎኝ ነበር፤ የኖት ቁጥር ማን ያያል? ነገሩ ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅጂ ገንዘቡን በሌላ ገንዘብ ለወጥሽበት ነው።

ስለዚህ ሙሉ ትኩረትሽ አራተኛው ላይ ይሁን። ሕጉ «dishonestly» ለሚለው ለዚህ ቃል አማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ የለውም። ጀማሪ ሳለሁ «በማጭበርበር» ብዬ ተርጉሜ «ኧረ ማንንም አላጭበረበርኩም» የሚል መልስ ይዤ ተመለስኩ። ሶሊሲተሩ (የተጠርጣሪው ጠበቃ) ግራ ገባው፤ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ድሮ፣ ከ1982 ጀምሮ፣ ተከሳሹ ራሱ ሰው እንደ ነውር እንደሚያየው ያውቅ ነበር ወይ ተብሎም ይጠየቅ ነበር። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቁማርተኛው ፊል አይቪ ጉዳይ ይህን ጥያቄ አስቀረው። አሁን መጀመሪያ በልብሽ የነበረው እውነተኛ እምነት ይጣራል። ከዚያ ያንን ይዞ ተራው ጨዋ ሰው ምን ይል ነበር ይባላል። «ለኔ ነውር አልመሰለኝም» ብቻውን አያድንም።

ግን ያው ሕግ አንቀጽ 2 ላይ አንድ በር ትቷል። ባለቤቱ ሁኔታዬን ቢያውቅ ይፈቅድልኝ ነበር ብለሽ ከልብሽ ካመንሽ፣ ሐቀኝነት ጎድሎሻል አይባልም። አለቃሽ «የቤቱ ልጅ ነሽ፣ ሲቸግርሽ አትፈሪኝ» ይልሽ እንደነበር ጽፈሻል። ይሄ ተራ ወሬ አይደለም! ከዚህ በፊት አንቺ ወይም ሌላ ሠራተኛ ብር ወስዶ በኋላ ከደመወዙ ተቀንሶለት ያውቃል? ዋትስአፕ ላይ የተጻጻፋችሁት አለ? አንድም እንዳትሰርዢ። መርማሪው «ታዲያ ለምን ደውለሽ አልጠየቅሽውም?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ለሶሊሲተርሽ አስቀድመሽ ንገሪ፤ እዚህ አትጻፊው።

ሶሊሲተር ለዚህ ዓይነት ቃል መስጫም በነጻ ነው፣ አስተርጓሚውም እንዲሁ። ብሩን ይዘሽ ባለሱቁ ጋ ከመሄድሽ በፊትም ሶሊሲተርሽን አማክሪ። ዘግይቶ መክፈል ቅጣት ሊያቀልልሽ ይችላል እንጂ የተፈጸመ ስርቆትን አይፍቅም። የቅጣቱ ጣሪያ 7 ዓመት ነው፤ በ120 ፓውንድ እዚያ ትደርሻለሽ ብለሽ ግን አትደንግጪ። የሚያሳስበኝ የወንጀል መዝገብሽ ነው፤ ሥራ ስትፈልጊም የመኖሪያ ወረቀት ስትጠይቂም ይከተልሻል።

አንድ የቃል ነገር ደግሞ። አማርኛ ላይ «አነሳሁ»፣ «ወሰድኩ»፣ «ተበደርኩ» እያልን እናቀያይራለን። አስተርጓሚው ግን ያልሽውን ነው የሚያስተላልፈው። «ተበደርኩ» ካልሽ ቀጣዩ ጥያቄ «ማን አበደረሽ?» ነው። ያደረግሽውን በትክክለኛ ስሙ ጥሪው። የቀጠሮውን ቀን ደግሞ እንዳታሳልፊ፤ ካልሄድሽ ቤትሽ ድረስ መጥተው ሊይዙሽ ይችላሉ።