የአያትህ ኮልት 1911፦ የጦሩ ወይስ የገበያ?

የአያትህ ኮልት 1911 ሽጉጥ ለጦሩ ይሁን ለገበያ የተሠራ ጠይቀሃል። በሽጉጡ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በእንግሊዝኛው «ሲ» (C) ፊደል ከጀመረ ለገበያ የተሠራ ነው። አምራቹ ኮልት ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሲቪል የሚሸጠውን በዚህች ፊደል ይለይ ነበር። በ1950 ወደ ቁጥሩ መጨረሻ አዛወራት። የአሜሪካ ጦር የታጠቀው ግን «የዩናይትድ ስቴትስ ንብረት» የሚል ጽሑፍ አለው። ለገበያ የተሠራ ቢሆንም አያትህ ጦር ሜዳ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በግላቸው ገዝተው የሚታጠቁ መኮንኖች ነበሩ።

ጓደኛህ ጋ ያየኸው «ሬሚንግተን ራንድ» የሚል ስም ያለበት 1911 ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል። ድርጅቱ የጽሕፈት መኪና አምራች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ከራሱ ከኮልት የበለጠ 1911ኤ1 (የተሻሻለውን 1911) ሠርቷል። በጣም የሚደንቅ ታሪክ ነው!

አደራ፣ የደበዘዘውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ አታስቀባው። ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም ነው። እንዲህ ተደርገው ዋጋቸው የወደቀ ግሩም ሽጉጦች አይቻለሁ።