ቁጥሩ የጠፋበትን የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ሞላ ለመለየት

ወንድሜ፣ ከጅማ ወደ ጌራ ስትሄድ የፊት ሹካው ጉድጓድ በገጠመው ቁጥር እስከ መጨረሻው እንደሚመታ፣ ሞላው ላይም ቁጥር እንደሌለ ጽፈሃል። ጥንካሬውን በካሊፐር (ውፍረትና ዲያሜትር በሚለካ መሣሪያ) ለክተህ ታገኘዋለህ።

የሽቦውን ውፍረትና የሞላውን የውጭ ዲያሜትር በሚሊሜትር ለካ። ጥቅልሎቹን ቁጠር፤ ጫፍና ጫፍ ላይ የተኙት አይቆጠሩም። ከውጭ ዲያሜትሩ የሽቦውን ውፍረት ስትቀንስ አማካዩን ታገኛለህ። ከዚያ የውፍረቱን አራተኛ ርቢ በ79,000 (የሞላ ብረት የግትርነት ቁጥር) አባዛ፤ የወጣውን ለ8፣ ለጥቅልሎቹ ብዛትና ለአማካይ ዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ አካፍል። ሽቦው 4.5፣ አማካዩ 28፣ ጥቅልሉ 45 ቢሆን 4.1 ኒውተን በሚሊሜትር ይመጣል፤ በኪሎ ሲሆን 0.42 ኪሎ በሚሊሜትር ገደማ። እባክህ ዝገቱን ጠርገህ ሦስት አራት ቦታ ለካ፤ 4.5ን 4.6 ብለህ ካነበብክ ውጤቱ በ10 በመቶ ገደማ ይዛባል፣ የምትገዛውም የተሳሳተ ሞላ ይሆናል።

ሞላውን ስትቀይር ሹካውን ከመፍታትህ በፊት እጠበው። ባለፈው ክረምት የጓደኛዬን ስንከፍት ቀይ ጭቃ በክዳኑ ዙሪያ እንደ ሸክላ ደርቆ ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ለቅመን ባናወጣው ኖሮ በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባ ነበር። የሹካውን ቱቦ ከላይ የሚይዘውን ማቀፊያ ብሎን አላላና ክዳኑን ቱቦው ከሞተሩ ሳይወጣ ጥቂት ፍታው። መጨረሻው ላይ ሞላው ስለሚገፋው ፊትህን አርቅ። የዘይቱን ከፍታ ደግሞ ሞላው ወጥቶ፣ ሹካው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ሳለ ለካ፤ መጠኑ በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ሞላው በሁለቱም የሹካ እግር ካለ ሁለቱንም ቀይር።

ክብደትህን ጻፍልኝ፤ ምን ያህል ጠንካራ ሞላ እንደሚያስፈልግህ አብረን እናሰላለን።