ትንንሽ ድንች በኤር ፍራየር፦ የደጋ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ኤር ፍራየር ከገዛሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ውጭው ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ብን ብን የሚል ትንንሽ ድንች እንደምሠራ የሰማ ሁሉ «እስቲ አሠራሩን» ይለኛል። ሰሞኑን «ያላችሁን ጥያቄ በሙሉ አምጡት» ብዬ ነበር። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ጎረፈልኝ። የተደጋገሙትን እየጨመቅኩ እመልሳለሁ። የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ብዙ ድንች አበላሽቼ የተማርኩ ሰው ነኝ።

«መመሪያው 200 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ ይላል። እንዳለው አደረግኩ። ውጭው ቡናማ ሆነ፣ ውስጡ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የኔ?» (ከደብረ ብርሃን)

የማሽኑም አይደለም፣ ያንቺም አይደለም እህቴ። እኔም በዚሁ ነው የጀመርኩት። ማሽኑን በገዛሁ ሰሞን ለገና እንግዳ ጠርቼ ድንቹን እንዳለ ከተትኩት። ሲወጣ መልኩ ፎቶ የሚያስነሳ ነበር። እናቴ አንዷን ነከስ አደረገችና መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረቻት። «ውጭው ተቆጥቷል፣ ውስጡ ገና ወሬውም አልደረሰው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤር ፍራየር ስሙ መጥበሻ ይሁን እንጂ ሥራው የትንሽ ኦቭን ነው። ከላይ የሚግል ብረት አለ። ማራገቢያው ትኩሱን አየር እየነዳ ድንቹ ላይ ያወርደዋል። ያ አየር ልጣጩን ቶሎ ያደርቀዋል። ወደ መሐል ግን ሙቀቱ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ እኔ ሥራውን ለሁለት ከፍየዋለሁ። ማብሰሉ የድስት፣ ማድረቁ የማሽኑ።

የእኛ አገር ጣጣ የሚመጣው ድስቱ ላይ ነው። ውሃ በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መንዝ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ሲንፈቀፈቅ ስታዩት የበረታ ይመስላችኋል፣ ግን አልበረታም። እሳቱን ብታበዙትም ሙቀቱ አይጨምርም፤ ውሃው ብቻ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ላይ «12 ደቂቃ ቀቅሉ» ሲሏችሁ ሰውየው የቀቀለው ከባህር አጠገብ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እኔ የዶሮ እንቁላል የማያክለውን ድንች ከ20 እስከ 25 ደቂቃ እቀቅለዋለሁ። ሰዓት ከማየት ይልቅ ሹካ እወጋበታለሁ። ሹካው ሳይገፋ ከገባ በቃ። ፕሬዠር ያላችሁ ግን ስለ ከፍታው አትጨነቁ።

ከዚያ ውሃውን ደፍታችሁ ድንቹን ወደዚያው ትኩስ ድስት መልሱት። ክዳኑን አትክደኑ። አምስት ደቂቃ ተዉት። እንፋሎቱ ሲያልቅ ልጣጩ ነጣ ይልና ሽብሽብ ማለት ይጀምራል። ይቺን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ድንቹ የሚለሰልስበትም እሷን በመዝለሉ ነው። እርጥብ ድንች ማሽን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ሲደርቅ አንድ አንዱን በብርጭቆ መቀመጫ ጫን አድርጉት። ውፍረቱ የአንድ ጣት ያህል ሲሆን ያዝ አድርጉ። ድንቹ ይሰነጠቃል፣ ዳር ዳሩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይተለተላል። አይክፋችሁ። አፍ ውስጥ ኩርሽም የሚለው እሱ ነው። ዘይትና ጨው አስነኩት። ማሽኑን ሦስት አራት ደቂቃ አስቀድማችሁ አሙቁት፣ ከዚያ በ200 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ገልብጡት።

«ታዲያ ማሽኑስ? ለከፍታው ዲግሪውን ልጨምርለት?»

አያስፈልግም። የማሽኑ 200 እዚህም 200 ነው። እየለካ የሚያጠፋና የሚያበራ መቆጣጠሪያ አለው። ከፍታ የሚያታልለው የፈላ ውሃን ነው።

«እኛ ቆላ ነን። ሳልቀቅል መሥራት አልችልም?» (ከሸዋ ሮቢት)

ትችላለህ ወንድሜ። ሸዋ ሮቢት ከእኛ በ1500 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ስለሆነች ቅቅሉም ቶሎ ይደርስልሃል። ካልቀቀልክ ግን ከሁለት ክፈለው። በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ አብስለህ ወደ 200 ከፍ አድርገህ 10 ደቂቃ ጨምርለት። ጥሩ ይወጣል። የተጨፈለቀውን ያህል ግን አይኮረሸምም፤ ይሄን ደብቄ አልሸጥልህም።

«ድንቹ ሳይበስል ቶሎ ይጠቁራል፣ ትንሽም ይመራል። በጥቅምትና በኅዳር ይብሳል። ምንድን ነው?» (ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበርም)

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ወሩን ማስተዋላችሁ ግማሽ መልስ ነው።

ጥሬ ድንች ብርድ ሲመታው ውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው የሚጀምረው። ድንች ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ በውርጭ ወራት ፍሪጅ አያስፈልገንም። ከቤት ተነጥሎ የተሠራ ማድ ቤት፣ ጥግ ላይ ጆንያ፣ ሌሊት ውርጭ! ድንቹ ፍሪጅ ውስጥ አደረ ማለት ነው። ስኳር የበዛበት ድንች 200 ዲግሪ ላይ ሲገባ እንደ ካራሜል ቶሎ ይጠቁራል፣ ይመራል።

መፍትሔው ጆንያውን ወደሚሞቀው ክፍል ማስገባት ነው። ጨለማ ይሁን፣ ግን ሰው የሚያድርበት ክፍል ቢሆን ይሻላል። አልጋ ሥር ያስቀመጠች ጎረቤት አለችኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ታፍራለች እንጂ ድንቿ ወርቅ ነው የሚመስለው። ብርድ የመታውም ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ከስኳሩ የተወሰነው ተመልሶ ስታርች ይሆናል። መቀቀሉም ስኳሩን ወደ ውሃው ስለሚያወጣው ይረዳል። ያን ውሃ ድፉት።

የጠቆረውን አለመብላት ከጣዕም በላይ ምክንያት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያለበት ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ ወይም ሲጋገር አክሪላማይድ የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚፈጠር ይፋ አድርገው ነበር። ለጤና አይመከርም። ስኳር የበዛበት ድንች ላይ ይብሳል፣ መልኩ በጠቆረ ቁጥርም ይጨምራል። የኔ ደንብ ቀላል ነው፦ የገብስ ቆሎ መልክ ሲይዝ አውጡት።

«ለዘር የተቀመጠው ትንንሽ ድንች ይሆናል? ልኩ ልክ ነው።»

ተዉት! ልኩ ልክ መሆኑ እውነት ነው። ግን ለዘር ተብሎ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ የቆየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል። ለዘር ጥሩ ነው፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ለሆድ ግን ሶላኒን የሚባል መርዝ ያጠራቅማል። መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። ገበያ ላይ ሻጯን «ደቃቁን ለይተሽ ስጪኝ» በሏት። ብዙ ሰው ትልቁን ስለሚመርጥ ደቃቁ ይረክሳል። አረንጓዴ ያለበትን፣ የለሰለሰውንና የበቀለውን መልሱላት። ጉደኔም በለጠም ሞክሬያለሁ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ከዝርያው ይልቅ እኩል እኩል መሆናቸው ይበልጣል፤ አንዱ ሎሚ አንዱ ለውዝ ከሆነ አንዱ ሲቃጠል አንዱ ጥሬ ይቀራል።

ልጣጩን አትላጡት። አፈሩን ግን በብሩሽ እሹት። የእኛ ጥቁር አፈር በአንድ እጥበት አይለቅም።

«ያለ ዘይት ይሆናል ብለው ነው የሸጡልኝ።»

ይበስላል። ግን እንደ ደረቀ ካርቶን ነው የሚሆነው። ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። በእጃችሁ እሹት፣ ሁሉንም ያዳርሳል። ብዙ ዘይት ውስጥ ከማጥለቅ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

«በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤ ብቀባውስ?»

ይሆናል፣ በደንብ! ያልተነጠረ ቅቤ ግን ውስጡ ያለው የወተት ተረፈ ነገር ያርራል። የተነጠረው ሙቀት ይችላል። እኔ ግማሽ ዘይት ግማሽ ቅቤ ነው የማደርገው። በጾም በዘይት ብቻ ነው፣ የሚጎድለው ነገር የለም።

«በርበሬውን መቼ? የኔ ሁሌ ያርራል።»

ሲወጣ። በርበሬም ሚጥሚጣም 200 ዲግሪ አይችሉም፣ ያንገበግባሉ፣ ቤቱንም በሳል ይሞሉታል። አንድ ማንኪያ ዘይት ሞቅ አድርጉና በርበሬውን በጥብጡበት፣ ድንቹ እንደወጣ አፍስሱበት። የጥብስ ቅጠል ለሚወዱ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቅጠሉ ቀላል ስለሆነ ማራገቢያው አንስቶ የጋለው ብረት ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ የሚወጣውን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ አይደግመውም። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ከድንቹ ሥር ሸጉጡት። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ መጨረሻ ላይ።

«ሲቀቀል ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ለሁለት ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። የድንቹን ላይ ያሻክረዋል፣ የሻከረው ደግሞ ይኮረሸማል። ለተላጠ ድንች ነው የሚጠቅመው፣ ልጣጭ ላለው ብዙ ለውጥ አላየሁበትም። ሶዳው ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። አቼቶ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ድንቹ እንዳይፈርስ ያጠነክረዋል።

«ልጄ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ቆጣሪ ይበላል ብዬ ፈርቼ ከነካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ።» (ከመሐል ሜዳ፣ አንዲት እናት)

እማማ፣ ያውጡት። ብዙዎቹ 1500 ዋት አካባቢ ናቸው። ለግማሽ ሰዓት ቢሠሩበት 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድዎ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይወስዳል፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምጣዱን ያልፈሩ ይሄን አይፍሩ። ሁለቱን ግን በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩብኝ። ማከፋፈያው ይቀልጣል።

«መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ?»

እሱማ ይሄዳል። ድንቹን መሳቢያው ውስጥ ዘግታችሁ አትጠብቁ፣ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል። ሳህን ላይ ዘርጉት። ሲመጣ በ200 ዲግሪ አምስት ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀድሞ መቀቀሉ እዚህም ጠቀመ፣ መብራት ባይመጣም የሚበላ ነገር አለ።

«ስድስት ነን። ሁሉንም አንዴ ብከተው?»

አይሆንም። አየር የሚያልፍበት ክፍተት ከሌለ ቅቅል ነው የሚወጣው። አንድ ድርብ ብቻ። በሁለት ዙር ሥሩት፤ ሁለተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ከላይ መልሳችሁ ሁለት ደቂቃ አሙቁት። እንግዳ ሲኖርብኝ በዋዜማው እቀቅልና የተቀቀለውን ፍሪጅ አሳድራለሁ። ጥሬው ነው ፍሪጅ የማይወደው፣ የተቀቀለው ግን ጠንከር ስለሚል ሲጨፈለቅ አይበተንም።

«ማሽኑ የለኝም።»

ምጣድ አለሽ። ዘይት ቀባ አድርጊ፣ የተጨፈለቀውን ደርድሪ፣ አንዱ ፊት ሲይዝ ገልብጪ። አክንባሎ አትክደኚበት፣ ያልበዋል። እውነቱን ልናገር? አንዳንድ ቀን ከማሽኑ ይበልጣል።

«ቅርጫቱን በሽቦ ፈተግኩት፣ ተላጠ።»

በቃ፣ ከእንግዲህ ይጣበቅብሃል። በሚቀጥለው ሙቅ ውሃና ሳሙና ሞልተህ ሩብ ሰዓት ተወው፣ በስፖንጅ ይለቃል።

«ድንቹ አገራችን የገባው መቼ ነው? አያቴ "የጥንት ነው" ትለኛለች።»

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳስገባው ነው የሚጻፈው። ለአያትህ የጥንት ነው፣ አትከራከራት።

«ለቡና ቁርስ ታቀርቡታላችሁ አሉ። ቆሎ እያለ ድንች ምን ይሉታል!» (ከደብረ ሲና)

ከደብረ ሲና ይሄ ጥያቄ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። ቆሎውን ተዉ አላልኩም። እናቴ ግን ጥርሷን ካስነቀለች ወዲህ ቆሎ አትቆረጥምም። ድንቹን ስሰጣት ለስላሳውን መሐሉን ትበላና ኩርሽም የሚለውን ዳሩን ለልጆቹ ታቀብላለች። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ቡና ሲፈላ ከአጠገቧ አይጠፉም።