ዳኑብ መሐል ያለችው ደሴት፦ ጥያቄና መልስ

ለትምህርት ወደ ሀንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት የሄዱ የሸዋ ልጆች ፎቶ ሲልኩ ከጀርባቸው ደጋግማ የምትታየው በዳኑብ ወንዝ መሐል ያለችው ማርጊት ደሴት ነች። ወላጆችም ይጠይቁኛል።

ከደብረ ብርሃን፦ ማርጊት ማን ናት?

የስለት ልጅ ናት፣ እናቴ። ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1241 ሀንጋሪን ሲወሩ ንጉሥ ቤላ 4ኛ፣ አገሩ ከተረፈች ሴት ልጁን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ተሳለ። አገሪቱ ተረፈች፤ ማርጊትም ገና በልጅነቷ በደሴቲቱ ገዳም ገባች። ኋላ ንጉሡ ሐሳቡን ለውጦ ለቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ንጉሥ ሊድራት ቢፈልግ እምቢ አለች። የተሳለው አባት ሲወላውል የተሰጠችው ልጅ አልወላወለችም! በ1270 እዚያው አረፈች። የመቃብሯ ቦታ ዛሬም በገዳሙ ፍርስራሽ መካከል በቀይ እብነ በረድ ተለይቶ ይታያል።

ከአንኮበር፦ ከፍርስራሽ በቀር የተረፈ ቅርስ የለም?

አንድ ደወል አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 ዐውሎ ነፋስ አንድ የዋልነት ዛፍ ከነሥሩ ሲገነድስ፣ ከሥሮቹ ሥር በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ደወል ተገኘ። ቱርኮች ሲመጡ መነኮሳቱ ቀብረውት እንደሸሹ ይታመናል። በግራኝ ዘመን ንዋያተ ቅድሳት በዋሻ ለሸሸገ አገር ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ደወሉ አሁን በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደገና በታነጸችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ላይ ተሰቅሏል።

ከሸዋ ሮቢት፦ መግቢያው ስንት ነው?

ምንም። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ደሴቲቱ መጀመሪያ የነገሥታትና የመነኮሳት፣ ኋላም ሀንጋሪን ይገዛ የነበረው የሀብስበርግ ቤተሰብ ልዑላን ነበረች። በ1869 ለሕዝብ ስትከፈትም በክፍያ ነበር፤ ከተማው በ1908 ከገዛት በኋላ እንኳ ክፍያው እስከ 1945 አልቀረም። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ የግል መኪና መከልከሉ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላትን ደሴት በእግር ማቋረጥ ይቻላል፤ የደከመው 26 ቁጥር አውቶቡስ አለለት።

ከመሐል ሜዳ፦ ፍል ውሃ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ቪልሞሽ ዢግሞንዲ የተባለ መሐንዲስ በ1860ዎቹ ቆፍሮ አወጣው። ዋናተኛ ለሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ በ1896 የአቴንስ ኦሊምፒክ በዋና ሁለት ጊዜ ያሸነፈው አልፍሬድ ሃዮሽ አርክቴክትም ነበርና፣ በ1930 የተከፈተውን መዋኛ ራሱ ነድፎታል። በዋናም በንድፍም መታደል!

ከደብረ ብርሃን፦ በበሬሳ ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ መናፈሻ ቢሠራስ?

ደሴት አይጠበቅ፤ በሬሳ በበጋ ይመነምናል፣ ዳኑብ ግን ዓመቱን ሙሉ መርከብ ያሳልፋል። ዳሩን ማልማት ግን ይቻላል። ኃላፊዎቹ ቢሰሙኝ ሲሚንቶውን አስቀድመው ባላፈሰሱ፣ ባሕር ዛፉንም ከወንዙ አርቀው ወይራና ጽድ በተከሉ ነበር።