መልስ፦ ቤት እየሠሩ አርክቴክቸር መማር

እህቴ፣ ከደብረ ብርሃን ሆነሽ «ወረቀት ላይ መሳል ብቻ ሳይሆን ቤት እየሠሩ አርክቴክቸር የሚማሩበት ውጭ አገር አለ ወይ?» ብለሻል። አለ እንጂ! አሜሪካ አላባማ ውስጥ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ «ሩራል ስቱዲዮ» ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን ገጠር ያወርዳቸዋል። ለአካባቢው ሰው ቤት ይነድፋሉ፤ የነደፉትንም ራሳቸው ይገነቡታል። ዬል ዩኒቨርሲቲም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪዎቹን እንዲሁ ያስገነባል። ክፍያው ግን አይቀመስም፤ ስኮላርሺፕ ቀድመሽ ፈልጊ።

ለፖርትፎሊዮሽ፣ ማለትም ስታመለክቺ ለምታሳዪው የሥራዎችሽ ስብስብ፣ ሩቅ አትሂጂ። መንዝ ወጥተሽ የድንጋይ ቤት ሲሠራ አብረሽ ዋዪ። እኔ የአጎቴን ጣሪያ ጓሳ ሳለብስ ሣሩን አሳስቼ ደረደርኩትና በመጀመሪያው ዝናብ አልጋው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እስካሁን ይስቅብኛል። እንዲህ ያለውን ከነስህተቱ ንደፊው፤ ፎቶውንም አያይዢበት።