ፍሬቻው ራሱ ይነግራችኋል

ሞተር ሳይክል መጠገን ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ስለ ሞተሩ ጉልበት የሚያወራላችሁ ሞልቷል። ስለ ፍሬቻ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም፤ ትንሽ ነገር ይመስላላ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ንቄው ነበር።

አንድ ቀን የኋላ ግራ ፍሬቻው የማይበራ፣ የፊተኛው ደግሞ እየተጣደፈ ብልጭ ድርግም የሚል ሞተር መጣልኝ። ሳላይ ሳልመረምር ፍላሸሩን፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ፣ ቀየርኩ። ያው ነው። "አዲሱም ብልሹ ነው" ብዬ ሌላ ገጠምኩ። አሁንም ያው። ሦስተኛውን ሳነሳ ባለቤቱ፣ "የቀኙ እኮ በደንብ ይሠራል" አለኝ። አፈርኩ። ፍላሸሩ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። ቀኙ በደንብ ከሠራ እሱ ምን አጠፋ? ጉዱ የኋላው ፍሬቻ የታሰረበት ቦታ ላይ የነበረ ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጌ መልሼ አሰርኩት፤ በራ።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ቁልፉን ክፈቱና ግራ፣ ቀኝ እያላችሁ ሞተሩን ዙሩት። አንድ ብቻ ከጠፋ አምፖሉን፣ የአምፖሉን መቀመጫና ግራውንዱን (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ) እዩ። አንድ ጎን በሙሉ ከጠፋ ማብሪያውን ወይም ወደዚያ ጎን የሚሄደውን ሽቦ ጠርጥሩ። አራቱም ከጠፉ ፊውዝ፣ ባትሪ፣ ፍላሸር። ጡሩንባውንም ንኩት። በብዙ ሞተሮች የኤሌክትሪክ መስመሩን ከፍሬቻው ጋር ስለሚጋራ፣ እሱም ዝም ካለ ፍላሸር አትግዙ።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ቁጠሩ። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። አንዱ ጎን ብቻ ከተጣደፈ ብዙውን ጊዜ አንድ አምፖል ተቃጥሏል፣ ወይም 21 ዋት በሚገባበት 10 ዋት ገብቷል። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፒር ይስባሉ። አንዱ ሲቃጠል ግማሹ ይቀራል፤ ፍላሸሩም ይህን ያውቃል። በሙቀት የሚሠሩት የድሮዎቹ ግን ተቃራኒ ናቸው፦ አንድ አምፖል ሲጎድል ይዘገያሉ፣ አንዳንዴም በርተው ይቀራሉ። ሁለቱም ጎን የሚንቀራፈፍ ከሆነና ነዳጅ ስትሰጡት የሚነቃ ከሆነ ባትሪውን ለኩ። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግራውንድ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወደ አምፖሉ ሄዶ መመለስ አለበት። መመለሻው በዝገት ወይም በቀለም ከተዘጋ በሌላ አምፖል በኩል ሾልኮ ይመለሳል። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራቱ አብሮ ደብዘዝ እያለ ብልጭ ካለ ይኸው ነው። የአምፖሉን መቀመጫ ብረት በአንድ ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙት። ከበራ አገኛችሁት። ፓራፋንጎው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ግራውንዱ በራሱ ሽቦ ነው የሚመጣው፤ ብረት ስትፍቁ አትዋሉ።

ፍላሸሩን ለመፈተሽ ነቅላችሁ B (ኃይል የሚገባበት) እና L (ወደ አምፖሎቹ የሚወጣበት) የተባሉት እግሮቹ የሚገቡበትን ሁለት ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኙና ማብሪያውን ወደ አንድ ጎን አድርጉ። አምፖሎቹ ሳይቆራረጡ ከበሩ ፍላሸሩ ሞቷል። ባለ ሦስት እግር ከሆነ E የተጻፈበትን አትንኩ። እሱ ግራውንድ ነው፤ ከB ጋር ካገናኛችሁት ፊውዙን ትበሉታላችሁ።

አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ ፍሬቻ ሰውን ያሳብዳል። እንደበራ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። አንገቱ ጋ ያለው ሽቦ በየቀኑ ሲተጣጠፍ ከውስጥ ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ግን ደህና ይመስላል። ማብሪያውን የምትፈቱ ከሆነ ጨርቅ አንጥፉ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ከዘለለች ቀኑን ሙሉ መሬት ስትፈልጉ ነው የምትውሉት። ደርሶብኛል።

አሁን አሁን ሁሉም ኤልኢዲ እየገጠመ ይመጣል። የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይጣደፋል። የሚስበውን ለማብዛት ሬዚስተር መጨመር ይቻላል፤ ግን ይግላል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። እኔ የምመርጠው በአምፖሉ ዋት የማይመራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ለሁለቱም ጎን አንድ የፍሬቻ መብራት ብቻ ካለ ደግሞ አራቱም አብረው ብልጭ ሊሉ ይችላሉ። ያቺ መብራት በግራና በቀኝ ሽቦ መካከል ስለታሰረች ነው፤ በእሷ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኃይል ኤልኢዲውን ለማብራት ይበቃዋል። አንዱን እግሯን ግራውንድ አድርጉ፣ ሌላውን ከግራም ከቀኝም በየራሱ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) አገናኙ። አምፖሉ፣ ፍላሸሩ፣ ማብሪያው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ በዚህ ምክንያት ሲነቃቀል የዋለ ሞተር ስንት ጊዜ መጥቶልኛል መሰላችሁ!