የጋዝ ቦቴ ላይ ምን ይጻፋል? የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ከአያ ቦቴ ጋር

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ የጎጃም መስመር ሰዎች። አያ ቦቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ባሕር ማዶ ለዓመታት የጋዝ ታንክ ሲመረምሩ ኖረው አሁን ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ።

አያ ቦቴ፦ እንደምን አመሻችሁ። የምጠራላችሁ ልክ ሁሉ የአሜሪካ ደንብ ነው፤ የአውሮፓውን ሳነሳ አውሮፓ ብዬ እናገራለሁ። እኛ አገር ምን ያስቀጣል የምትሉ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ሌላው፣ ባዶ ቦቴ ባዶ አይደለም። ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

የደጀኑ፦ አያ፣ የግድ መታየት ያለበት ምንድን ነው?

አያ ቦቴ፦ በሁለቱ ጎን፣ በፊትና በኋላ ሦስት ነገር ይታያል። መጀመሪያ የአደጋው አልማዝ፣ በማዕዘኑ የቆመው ባለ አራት ጎን ምልክት፤ እያንዳንዱ ጎኑ 250 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛ የጋዙ መለያ የሆነው ባለ አራት አሃዙ ቁጥር፤ ኤልፒጂ፣ ማለትም ቡታ ጋዝ የምትሉት፣ 1075፣ አሞኒያ 1005፣ ክሎሪን 1017። ሦስተኛ የጋዙ ስም፤ ፊደሉ ከ50 ሚሊ ሜትር አያንስም። ቁጥሩን በብርቱካናማ ሰሌዳ ካወጣኸው ሰሌዳው ቁመቱ 160፣ ወርዱ 400፣ አሃዙ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ነው። አሃዙ ለምን ገዘፈ? እሳት አጥፊው ከሩቅ ቆሞ እንዲያነበው ነዋ! የኤልፒጂ ቦቴ እሳት ከያዘው በየአቅጣጫው 1,600 ሜትር ሰው ይሽሻል። ቀርቦ የሚያነብ የለም። ቁጥሩን ከጭነት ሰነዱ ጋር ሳታስተያይ ደግሞ አትለጥፍ፤ የተሳሳተ ቁጥር ከሌለው ይብሳል።

ባለተሳቢ፦ ጅቡቲ ላይ ከላይ 23 ከታች 1965 የተጻፈበት ቦቴ አይቻለሁ። ሁለቱም ምንድን ነው?

አያ ቦቴ፦ አውሮፓ ነው። ሰሌዳው 40 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለት የተከፈለ። የላይኛው የአደጋው ጠባይ ነው፦ 2 ጋዝ፣ 3 የሚቀጣጠል። አሃዙ ሲደገም አደጋው በርትቷል ማለት ነው፤ ቤንዚን 33 የሆነው ለዚያ ነው። ከፊቱ ኤክስ ካየህ ውሃ አታስጠጋ። የታችኛው የዕቃው መለያ ነው። ሰሌዳው 15 ደቂቃ እሳት ውስጥ ቆይቶም መነበብ አለበት ይላሉ። እኛ ጋ በወረቀት አትሞ በፕላስተር የሚለጥፍ አይቻለሁ። እግዜር ያሳያችሁ!

ናፍጣ ጫኝ፦ የናፍጣስ?

አያ ቦቴ፦ 1202። ዛሬ ጋዝ ነው።

ረዳቱ፦ አያ፣ አራግፈን ስንመለስ ቁጥሩን ብንሸፍነውስ? ባዶ ነው እኮ።

አያ ቦቴ፦ አልኩ አይደል! ፈሳሹ ወረደ እንጂ ተኑ ውስጥ አለ። ታንኩ ታጥቦ፣ ጋዙ ተነፍቶ እስኪወጣ ድረስ አልማዙም ቁጥሩም አይነካም። ኤልፒጂ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ሽቅብ አይሄድም፣ ቦይና ገደል ፈልጎ ይወርዳል። ዓባይ በረሃ ውስጥ ቆመህ ሲያፈስ አስበው።

የደጀኑ፦ ቆመህ ካልክማ ከደጀን ሲወርዱ ነው የሚያስፈራው።

ባለተሳቢ፦ ከጎሃ ጽዮን ይብሳል! ጭነት ይዘህ የምትወርደው በዚያ ነው። ባዶውንማ ማንም ያወርደዋል።

የደጀኑ፦ አንተ ፍሬን እየረገጥህ ስለምትወርድ ነው። በማርሽ ይዞ ለሚወርድ ሁለቱም አንድ ነው።

ባለተሳቢ፦ ከኔ ጋር ወርደህ ታውቃለህ?

አስተባባሪ፦ ወንድሞቼ፣ ወደ ጥያቄው።

አያ ቦቴ፦ ፍሬን አልተጠየቅሁም። በረሃውን ካነሳችሁ ግን፦ ልባስ የሌለው የግፊት ጋዝ ታንክ ከላይ ሁለት ሦስተኛው ነጭ ወይም ብርማ ይቀባል። ፀሐዩን እንዲመልስ ነው። ውስጡ ሲሞቅ ግፊቱ ይወጣል። አምሮት ነው ብሎ ጥቁር የሚያስቀባ ባለንብረት ካለ ይስማኝ።

ጀማሪ፦ ሰላም፣ ስለ ምልክት በደንብ ቢያብራሩልን።

አያ ቦቴ፦ ልጄ፣ ከላይ አንብብ።

ባለ ጊዮርጊስ፦ ከኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ለጥፌያለሁ። ይከለከላል?

አያ ቦቴ፦ ጠባቂህን ማን ይነሳሃል። አልማዙን ግን አያስጠጋው፤ ከማንኛውም ጽሑፍና ሥዕል ቢያንስ 76 ሚሊ ሜትር ይራቅ። «ቀስ በል»ም፣ የድርጅት ማስታወቂያም እንዲሁ።

የቡሬዋ፦ አያ እኔ ቡታ ጋዝ ነው የምሸጥ። ሲሊንደር በፒክአፕ ሳስጭንስ?

አያ ቦቴ፦ እሱ ሌላ ትምህርት ነው እህትዓለም። አቁመሽ እሰሪው፣ በተዘጋ መኪና አታስጭኝው።

የቡሬዋ፦ ሽታው ራሱ ምልክት አይደል ወይ? ታዲያ ቦቴው ላይ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?

አያ ቦቴ፦ ይህ ጥያቄ ነው! ጋዙ በተፈጥሮው አይሸትም። የሚሸተው ኤቲል መርካፕታን የሚባል ነገር ተጨምሮበት ነው። ለፋብሪካ የሚሄድ ሽታ ያልተጨመረበት ኤልፒጂ አለ፤ ያን የሚጭን ቦቴ «ሽታ ያልተጨመረበት» የሚል ጽሑፍ ይወጣበታል። አለዚያ ሰው አፍንጫውን አምኖ ይጠጋል። የድንገተኛ መዝጊያውም እንደዚሁ። በእጅ የሚዘጋው እያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ስሙ ይጻፍ፣ ፊደሉ ከ19 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ቀለሙ ከመደቡ ይለይ። ሹፌሩ ቢወድቅ መንገደኛ ይዘጋዋል።

ጀማሪ፦ ባዶ ሲሆንስ ምልክቱ ይነሳል?

አያ ቦቴ፦ አስተባባሪ፣ ይህን ልጅ አንድ በሉልኝ።

አዲስ ባለንብረት፦ ያገለገለ የአሜሪካ ታንክ ገዝቼ ባሕር ዳር ጋራዥ አቁሜዋለሁ፤ ታንኩ ላይ የተመታው የፋብሪካ ሰሌዳ ዓይነቱን ኤምሲ 331 ይላል። ደላላው «ኤልፒጂም አሞኒያም ይይዛል» ብሎኛል። እውነት ነው?

አያ ቦቴ፦ ከሰሌዳው አጠገብ ኪውቲ ወይም ኤንኪውቲ የሚል አለ? 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል።

አዲስ ባለንብረት፦ ልብ አላልኩም። ምን ለውጥ ያመጣል?

አያ ቦቴ፦ ለዚህች አንዲት ፊደል ስንት ቀን ከባለንብረት ተጣልቻለሁ! ባለእጅ ማጭድ ሲሠራ አይተሃል? ብረቱን አግሎ ውሃ ይነክረዋል፤ ይጠነክራል። ግን ይሰባበራልና መልሶ በልክ ያሞቀዋል። ኪውቲ ማለት እንዲህ የተሠራ ብረት ነው። ጠንካራ ስለሆነ ታንኩን ቀጭንና ቀላል አድርገው ይሠሩታል፤ ባለንብረት ለዚያ ይወደዋል። ኤን ከፊቱ ካለ ብረቱ እንዲያ አልተሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ አሞኒያው። ውሃ የሌለው ንጹሕ አሞኒያ ይህን ጠንካራ ብረት ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ፀጉር ያህላል፣ ከውጭ አይታይም። መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ በክብደት ቢያንስ 0.2 በመቶ ውሃ ያለበት አሞኒያ ካልሆነ ኪውቲ ታንክ ውስጥ አይገባም። የጭነት ሰነዱም ይህንኑ ይናገራል፤ ወይ «0.2 በመቶ ውሃ» ይላል፣ ወይ «ለኪውቲ ታንክ አይሆንም»። ሰነዱ ያለ ፊደሉ፣ ፊደሉም ያለ ሰነዱ ዋጋ የላቸውም። ኤልፒጂ ለኪውቲ ይሆናል፤ እሱም ብረት የማይበላ መሆኑ ከተረጋገጠ።

ባለተሳቢ፦ አያ፣ ጎጃም ውስጥ አሞኒያ በቦቴ የሚጭን ማን አለ?

አያ ቦቴ፦ ታንኩን የሸጠለት ደላላ ይጫናል ብሏላ! የምርመራውንም ጽሑፍ ተመልከት፦ ወርና ዓመት፣ ከጎኑ ፊደል። ቪ የውጭ እይታ፣ አይ የውስጥ፣ ፒ የግፊት ፈተና ነው። እንዲህ ያለ ታንክ ክሎሪን የማይጭን ከሆነ የግፊት ፈተናው በየ5 ዓመቱ ነው።

የደጀኑ፦ አሜሪካ የተፈተነ ታንክ እዚህ ማን ይፈትነዋል ታዲያ? ጽሑፉ ጌጥ ነው።

አያ ቦቴ፦ ጌጥ ከሆነ አንተ ላዩ ላይ ተኛበት።

አዲስ ባለንብረት፦ አያ፣ ጋራዡ ያለው ረዳቴ በባትሪ አየልኝ። ኪውቲ ይላል። ከፊቱ ግን ቀለም ተደርቦበታል፤ የአንድ ፊደል ቦታ ይሆናል ይላል።

አያ ቦቴ፦ በባትሪ ይቅር። ነገ በብርሃን በሟሟ በስሱ አስጠርገው፣ በመዶሻም በመቦረሻ ድንጋይም እንዳይነካ። ፊደል ተገኘም አልተገኘም የሰሌዳውን ጽሑፍ ሁሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የብረቱ ዓይነት እዚያ ላይ ይኖራል። ረዳትህን ደግሞ ታንኩ አጠገብ ሲጋራ እንዳያጨስ ንገረው።

አዲስ ባለንብረት፦ ኧረ ባዶ ነው አያ።

አያ ቦቴ፦ ምን አልክ?